ግሪን ካርድህ ይበቃል፤ የሚቀርህ እንግሊዝኛው ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ዕድሜዬ 29 ነው። በዲቪ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ ዲሲ ነበርኩ። መንጃ ፈቃዴንም እዚያው የወረቀቱን ፈተና በአማርኛ ተፈትኜ ነው ያወጣሁት። አሁን ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነኝ፤ መጋዘን ውስጥ የማታ ሥራ እሠራለሁ። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ልማር ብዬ 5,500 ዶላር አጠራቅሜያለሁ። ሰዉ ግን «ሲቲዝን ካልሆንክ አይሰጡህም፣ እንግሊዝኛ ካልቻልክ ደግሞ መንገድ ላይ ያስቆሙሃል» ይለኛል። የባለቤቴ ወንድም ጥገኝነት ጠይቆ በወርክ ፐርሚት ነው ያለው። «ትራክ አብረን እንግዛና በአንተ ስም እናስመዝግበው» እያለኝ ነው። ልማር ወይስ ዜግነቴን ልጠብቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዜግነትህን አትጠብቅ። የፌዴራሉ ደንብ ለሲዲኤል የሚጠይቀው ዜግነት ወይም ቋሚ ነዋሪነት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ልክ እንደ ዜጋው መደበኛውን ሲዲኤል ያወጣል። አንተ ለዜግነት ለማመልከት ገና ሦስት ዓመት ገደማ ይቀርሃል። ያን ሁሉ ጊዜ ካርቶን እያነሳህ የምትጠብቅበት ምክንያት የለም።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርግ። ግሪን ካርድህን፣ ሶሻል ሴኩሪቲህንና መንጃ ፈቃድህን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ ስምህን ፊደል በፊደል አስተያይ። የእኛ ሰው ስም እዚህ አገር ብዙ ይንገላታል። ኃይለማርያም አንዱ ካርድ ላይ አንድ ቃል ነው፣ ሌላው ላይ ሁለት። የአያት ስም አንዱ ላይ ገብቶ ሌላው ላይ ይቀራል። በዚህ ብቻ ከመስኮት የተመለሱ ልጆች አውቃለሁ። ልዩነት ካለ አሁኑኑ አስተካክለው።

«ሲቲዝን ካልሆንክ» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ቋሚ ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች የሚሰጥ «ነን ዶሚሳይልድ» የሚባል ሲዲኤል አለ። የጥገኝነት ጠያቂዎች ብዙዎቹ በወርክ ፐርሚት ያወጡት የነበረው እሱን ነው። በሴፕቴምበር 2025 የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ይህን በር የሚዘጋ አስቸኳይ ደንብ አወጣ። በኖቬምበር የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አገደው። በ2026 መጀመሪያ ግን ደንቡ የመጨረሻ ሆኖ ወጣ። አሁን የሚፈቀድላቸው ኤች-2ኤ፣ ኤች-2ቢ እና ኢ-2 ቪዛ የያዙ ናቸው። ወርክ ፐርሚት ብቻውን አይበቃም። ይህ አንተን አይነካህም። የባለቤትህን ወንድም ግን በቀጥታ ይነካዋል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የአንተ ጉዳይ እንግሊዝኛው ላይ ነው። ደንቡ ራሱ አዲስ አይደለም፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮ አለ። የጭነት መኪና ሹፌር ከሰው ጋር የሚግባባበት፣ የመንገድ ምልክት የሚረዳበት፣ ለተቆጣጣሪ የሚመልስበትና መዝገብ የሚሞላበት እንግሊዝኛ ይኑረው ይላል። በ2016 በዚህ ምክንያት ብቻ ሹፌር ከመንገድ እንዳይወጣ ተደርጎ ነበር። በኤፕሪል 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ትእዛዝ ፈረሙና ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ ቅጣቱ ተመለሰ። ተቆጣጣሪው በእንግሊዝኛ ያናግርሃል። አስተርጓሚ የለም፣ የስልክ አፕ የለም፣ ተጽፎ የሚታይ ካርድ የለም። መመለስ ካቃተህ «አውት ኦፍ ሰርቪስ» ነህ። ትራኩ ባለበት ይቆማል፣ ሌላ ሹፌር መጥቶ ይወስደዋል።

የዲሲውን ፈተና አትመልከት። ያ የተራ መኪና ነው። የሲዲኤል የመንዳት ፈተና በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ አስተርጓሚም አይገባም። ፍሎሪዳማ ከፌብሩዋሪ 2026 ጀምሮ የተራውን መንጃ ፈቃድ ፈተና እንኳ በእንግሊዝኛ ብቻ አድርጋዋለች።

ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። የሚፈለገው እንግሊዝኛ ጠባብ ነው፤ ሊጠና ይችላል። ባለፈው ዓመት አንድ እንደ አንተ ያለ ልጅ እቤት እየመጣ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን እንለማመድ ነበር። እኔ ተቆጣጣሪ፣ እሱ ሹፌር። ቃላቱን ያውቃል። የፍሬኑን ክፍሎች አንድ በአንድ ይጠራል። «ኖት ክራክድ፣ ኖት ቤንት፣ ኖት ብሮክን» (አልተሰነጠቀም፣ አልታጠፈም፣ አልተሰበረም) እያለ የፍተሻውን ዝርዝር እንደ ዳዊት ይወርደዋል። «ሃው ሎንግ ሃቭ ዩ ቢን ድራይቪንግ ቱዴይ?» (ዛሬ ስንት ሰዓት ነዳህ?) ስለው ግን ራሱን ነቅንቆ «የስ» አለኝ። «ዌር ዲድ ዩ ስታርት ዩር ትሪፕ?» (ጉዞህን ከየት ጀመርክ?) አልኩት። አሁንም «የስ»።

ይህ የቋንቋ ችግር ብቻ አይደለም። ይሉኝታችን ነው። ያልሰማነውን ሰው ላለማስከፋት «እሺ» እያልን ነው ያደግነው። መንገድ ዳር ግን ያቺ «የስ» ሥራ ታሳጣለች። ስለዚህ በመጀመሪያ ያጠናነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሪፒት ዛት ፕሊስ?» (ይቅርታ፣ እባክዎ ይድገሙልኝ?)። እሷን ሳያፍር መናገር ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ከዚያ በኋላ ሌላው ቀለለው። አንተም ከእሷ ጀምር። ከየት እንደተነሳህ፣ ወዴት እንደምትሄድ፣ ምን እንደጫንክ፣ ስንት ሰዓት እንደነዳህ በየቀኑ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ተናገር። ባለቤትህ ትጠይቅህ።

ምልክቶቹን ደግሞ ቤትህ አጠገብ ታገኛቸዋለህ። አይ-70ን ይዘህ ከተራራው ወደ ዴንቨር ስትወርድ ለትራክ ሹፌሮች የተጻፈ ትልቅ ሰሌዳ አለ፦ «ዶንት ቢ ፉልድ»። ቁልቁለቱ ያለቀ ይመስልሃል፣ አላለቀም፣ ገና አራት ማይል ቁልቁለትና ጥምዝ መንገድ ይቀርሃል ማለቱ ነው። መዝገበ ቃላት ይዘህ ብትፈታው «አትታለል» ይልሃል፤ ማን እንዳታለለህ አይገባህም። በኤፕሪል 2019 በዚያው መንገድ ፍሬኑ የጠፋበት ትራክ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የተሠራውን ማምለጫ መንገድ አልፎ ሄዶ ሌክውድ ላይ መኪኖች ውስጥ ገባ። አራት ሰው ሞተ። ደንቡ በፖለቲካ መጣም አልመጣም፣ ያንን ሰሌዳ ሳትረዳ 80,000 ፓውንድ ይዘህ እንድትወርድ አልፈልግም። እሁድ በራስህ መኪና ሂድና ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ እያነበብክ ውረድ። ከጎንህ ጮክ ብሎ የሚያነብልህ ሰው ይኑር።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው። መጀመሪያ ሦስት ወይም አራት ወር እንግሊዝኛ፣ ከዚያ የትራክ ትምህርት ቤት። ዴንቨር ያለው ኤሚሊ ግሪፊዝ ኮሌጅ ለስደተኛ የሚሆን የእንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጣል። 5,500ውንም ገና አትንካው። በአካባቢህ ያለ ወርክፎርስ ሴንተር (የመንግሥት የሥራ ማፈላለጊያ ቢሮ) ገብተህ «ዊኦአ (WIOA) የሚከፍለው የሲዲኤል ሥልጠና አለ?» ብለህ ጠይቅ። በመንግሥት ገንዘብ ለብቁ ሰው የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ፕሮግራም ነው። ትምህርት ቤት ስትመርጥም የፌዴራሉ የአሠልጣኞች መዝገብ ላይ ስሙ መኖሩን አጣራ። ከ2022 ጀምሮ እዚያ ያልተመዘገበ ትምህርት ቤት ያሠለጠነህ ከሆነ ለመንዳት ፈተናው አትቀርብም።

አሁን ወደ ትራኩ። አትግዛ። ትራክ በስምህ ለማስመዝገብ ሲዲኤል አይጠየቅም፤ ነገሩ ቀላል የሚመስለው ለዚህ ነው። ግን ዕዳውም፣ ኢንሹራንሱም፣ ክሱም በአንተ ስም ይሆናል። ከግዛት ግዛት ጭነት ለሚያመላልስ ትራክ ደንቡ ቢያንስ የ750,000 ዶላር የኃላፊነት ኢንሹራንስ ይጠይቃል፤ ልምድ ለሌለው ሹፌር ደግሞ ዋጋው ይከብዳል። 55,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ለሆነ ትራክ በዓመት እስከ 550 ዶላር የሚደርስ የፌዴራል ግብር አለ። አንተ ገና አልተማርክም፣ እሱ ሲዲኤል ማውጣት አይችልም። ማን ይነዳዋል? መጀመሪያ ለሰው ነድተህ ሁለት ዓመት ልምድ ያዝ።

የባለቤትህን ወንድም ደግሞ ሰው «ቦክስ ትራክ (አነስተኛ የጭነት መኪና) ንዳ፣ ሲዲኤል አያስፈልግም» ይለዋል። እስከ 26,000 ፓውንድ ድረስ እውነት ነው። ግን የእንግሊዝኛው ደንብ ከ10,001 ፓውንድ ጀምሮ ከግዛት ግዛት የሚሠራን መኪና ይመለከታል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ስለ ወረቀቱ ደግሞ ከኢሚግሬሽን ጠበቃው ጋር ይነጋገር፤ የእኔ ሥራ አይደለም። «አይሆንም» የሚለውን ግን ራስህ ንገረው፣ ቡና ጠጥታችሁ፣ ፊት ለፊት። ከሌላ ሰው አፍ ከሰማው ይቀየምሃል።

የትምህርት ቤቱን ውል ስትቀበል ሳትፈርም ላክልኝ። ገንዘብ የሚመለስበትን አንቀጽ አብረን እናነበዋለን።