ቦርዶን ለመረዳት ከወንዙ ጀምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በአንድ ዋጋ ሁለት ጠርሙስ ቀይ የፈረንሳይ ወይን፣ ቦርዶ፣ ገዝተሽ አንዱ ለስላሳ ሆኖ ወረደልሽ፣ ሌላው አፍሽን አደረቀው፤ ለምን እንዲህ ተለያዩ፣ ከየትስ ልጀምር ነው ያልሽው። ቦርዶ ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ ወይን እየቀዳሁ ዓመታት ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

የሻቶ (የወይን አምራች ርስት) ስም መሸምደዱን ለጊዜው ተይው። በሺህ ስለሚቆጠሩ ማንም አይጨርሳቸውም። መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ ወይኑ ከወንዙ በየትኛው ወገን እንደበቀለ ነው። ጋሮንና ዶርዶኝ ወንዞች ከከተማዋ በስተሰሜን ተገናኝተው ጂሮንድ ይሆኑና ወደ አትላንቲክ ይወርዳሉ። ፊትሽን ውሃው ወደሚሄድበት ብታዞሪ ሜዶክ በግራሽ፣ ሳንት-ኤሚልዮንና ፖሜሮል በቀኝሽ ናቸው።

የሜዶክ ምርጥ ማሳዎች ጠጠር ናቸው። ማርጎ ወይም ፖያክ ሄደሽ በተክሎቹ መሀል ብትራመጂ ድንጋዩ ከጫማሽ ስር ይንሸራተታል፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ ብታነሺው እጅሽን ያሞቀዋል። ጠጠር ውሃ አያቁርም፣ የቀኑን ሙቀትም ይይዛል። ዘግይቶ የሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞን የሚባለው የወይን ዘር የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም ስለሆነ ታኒኑ ብዙ ነው። ታኒን ማለት ስኳር ያልገባበት ወፍራም ሻይ ድድሽ ላይ የሚተወው ድርቀት ነው፤ ያ ሁለተኛው ጠርሙስሽ ሳይሆን አይቀርም። በቀኝ በኩል ግን ሸክላ አፈርና የኖራ ድንጋይ ይበዛል። ሸክላው ቀዝቃዛና ውሃ ያዥ ስለሆነ ቀድሞ የሚበስለው ሌላው ዘር፣ ሜርሎ፣ ይስማማዋል። ሜርሎ ክብ ብሎ፣ የበሰለ ፕሪም እየሸተተ ይወርዳል። ካበርኔው ደግሞ ሲቆይ አርዘ ሊባኖስ ይሸታል፤ እኔ በግሌ የምሳሳው ለሱ ነው።

ሁለቱም ወገን የወይን ዘሮቹን ያደባልቃል። ምክንያቱ ጣዕም ብቻ አይደለም። መስከረም መጨረሻ ላይ ዝናብ መጥቶ ካበርኔውን ቢያበላሸው ሜርሎው ቀድሞ ተለቅሟል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ዓመት የምናየውም ለዚህ ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2009፣ 2010 እና 2016 ያማሩ ዓመታት ነበሩ፣ 2013 ግን ለገበሬው ከባድ ነበር።

ስለ ደረጃው ብዙ አትጨነቂ። ሻቶዎቹን በደረጃ የከፈለውን የ1855ቱን ዝርዝር ለፓሪሱ ኤግዚቢሽን ያወጡት የወይን ደላሎች ናቸው፤ መለኪያቸውም በዋናነት ወይኖቹ የሚሸጡበት ዋጋ ነበር። ከቀዮቹ ውስጥ ከሜዶክ ውጭ የገባው ሻቶ ኦ-ብሪዮን ብቻ ነው፣ ሳንት-ኤሚልዮንና ፖሜሮል ጭራሽ የሉበትም። ከዚያ ወዲህ ከደረጃ ወደ ደረጃ ያደገው ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ ብቻ ነው፣ እሱም በ1973። ሳንት-ኤሚልዮን በ1955 የራሱን ዝርዝር አውጥቶ በየጊዜው ያሻሽላል፤ ፖሜሮል እስከ ዛሬ ደረጃ የለውም፣ እጅግ ውድ የሆነው ፔትሩስ ግን የሚገኘው እዚያ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ "ሳንት-ኤሚልዮን ግራን ክሩ" የሚለው ጽሑፍ በዝርዝሩ ውስጥ መግባትን አያሳይም። ለዚያ "ክላሴ" የሚል ቃል መጨመር አለበት። ብዙ ሰው ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍለው ይህን ሳይለይ ነው። "ግራን ቨን ደ ቦርዶ" የሚለውም ምንም ደረጃ አይሰጥም።

ምግቡን በተመለከተ፣ ሜዶክን ከዶሮ ወጥ ጋር አታቅርቢ። በርበሬው ታኒኑን ያመርረዋል፣ አልኮሉም ይበልጥ እንዲያቃጥል ያደርገዋል። ቃሪያ ያልበዛበት የበግ ጥብስ ግን ድርቀቱን ያለዝበዋል። እዚህም የሜዶክ ሰው በግ ይወዳል፣ የፖያክ ጠቦት ስመ ጥር ነው።

አሁን እንዲህ አድርጊ። አንድ ኦ-ሜዶክ (የሜዶክ አንዱ ክፍል ነው) እና አንድ ሳንት-ኤሚልዮን፣ ዓመታቸውም ዋጋቸውም ተቀራራቢ የሆነ፣ ግዢ። ከመጠጣትሽ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ክፈቻቸው። ቤትሽ ሞቃት ከሆነ ለትንሽ ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ አቆዪያቸው፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን መጀመሪያ ያለ ምግብ፣ ቀጥሎ ከሥጋ ጋር ቅመሺ። ሜዶኩ ከጣመሽ ቀጥሎ ሙሊስ ወይም ሊስትራክ የሚባሉትን የሜዶክ መንደሮች ወይን ፈልጊ። ሳንት-ኤሚልዮኑ ከበለጠብሽ ፍሮንሳክን ሞክሪ፤ ያው ሜርሎ የሚበዛበት የቀኝ ዳርቻ ነው፣ ዋጋው ግን ከታዋቂዎቹ ጎረቤቶቹ በጣም ይቀንሳል።