መጀመሪያ ሐይቁ ዳር ውረዱ፦ የዓሣ ተረፈ ምርት ላይ ለመሥራት ለምታስቡ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ምግብ ሳይንስ ወይም ባዮቴክኖሎጂ ተምራችሁ የራሳችሁን ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ብዙ ናችሁ። ስለ ዓሣ ተረፈ ምርት ስትጠይቁኝ ደስ ይለኛል፤ ዕድሜዬን የሰጠሁት ለዚህ ሥራ ነው። ሁሌም የምመልሰው አንድ ነው። ከላቦራቶሪው በፊት የሐይቁን ዳር እወቁት።

ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ ባቱ ወይም አርባ ምንጭ ሄዳችሁ ዓሣ ሲጸዳ እዩ። ከአንድ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ከክብደቱ ሲሶውን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ጭንቅላቱ፣ አጥንቱ፣ ቆዳው፣ ቅርፊቱና የሆድ ዕቃው ይቀራል። ጥቂቱን አሞራ ይወስደዋል፣ ሌላው እዚያው ይበሰብሳል። በዐቢይ ጾም ገበያው ሲደራ የሚጣለውም አብሮ ይጨምራል። ይሄ ያሳዝነኛል።

ዓሣው ከሞተ በኋላም ሆዱ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ሥራ አያቆሙም። ምግብ ይፈጩ የነበሩት የራሱን ሥጋ መፍጨት ይጀምራሉ። ባክቴሪያም ይከተላል። ታዲያ እናንተ የምትፈልጉት ሀብት እነዚሁ ኢንዛይሞች ናቸው። ጨጓራው ውስጥ ፔፕሲን አለ፣ አሲድ ባለበት ይሠራል። አንጀቱ ውስጥ ደግሞ አሲድ የማይወዱት ትሪፕሲንና ካይሞትሪፕሲን አሉ።

ዋጋቸውን ለማወቅ የቆዳውን ኢንዱስትሪ ተመልከቱ። ድሮ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች ለማለስለሻ የውሻና የእርግብ ኩስ ይጠቀሙ ነበር። ጀርመናዊው ኦቶ ሮም በ1908 እ.ኤ.አ. ከከብት ቆሽት በተገኘ ኢንዛይም ያንን ተካው። በ1914 ደግሞ ያንኑ ኢንዛይም ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ጨመረው። ቆዳና ሳሙና ዛሬም ኢንዛይም ይፈልጋሉ። ከባቱ እስከ ሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ያለውን መንገድ አስቡት።

አይስላንዶች ኮድ ከተባለ የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ አንጀት ትሪፕሲን ያወጣሉ። ከዓሣ ቆዳ የቁስል ማከሚያ የሚሠራው ኬሬሲስ የተባለው ድርጅታቸው በ2023 እ.ኤ.አ. እስከ 1.3 ቢሊዮን ዶላር በሚደርስ ዋጋ ለዴንማርኩ ኮሎፕላስት ተሸጧል። ይህን ስትሰሙ ልባችሁ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ይነሳ። ግን እዚያ ጥሬ ዕቃው ቀዝቅዞና ተለይቶ ነው ፋብሪካ የሚደርሰው። ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን የዋለ አንጀት ይዛችሁ ጥሩ ኢንዛይም አወጣለሁ ብትሉ አይሆንም።

ስለዚህ በሳይሌጅ ጀምሩ፤ ተረፈ ምርቱን በአሲድ ከመበስበስ አድኖ ወደ ፈሳሽ መኖ መቀየር ማለት ነው። ተረፈ ምርቱን ፍጩት። ከክብደቱ 3 በመቶ ያህል ፎርሚክ አሲድ ጨምሩና በደንብ አማስሉት። ፒኤቹ (የአሲድነቱ መለኪያ) ከ4 በታች መውረዱን ለኩ፤ በግምት አትሂዱ። ዕቃው የፕላስቲክ በርሜል ይሁን፣ ብረት በአሲድ ይበላል። ባክቴሪያው ይቆማል፣ የጨጓራው ኢንዛይም ግን ይሠራል። እንደ ባቱ ባለ ሙቀት በቀናት ውስጥ እንደ አጥሚት ይቀጥናል። የሆድ ዕቃውንም አብራችሁ ፍጩት፤ ጭንቅላትና አጥንት ብቻውን ቶሎ አይሟሟም። አሲዱ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ትነቱም ሳንባ ይጎዳል። ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ሥሩ። በዚህ ላይ ምንም ድርድር የለኝም። አሲዱ ከተወደደባችሁ በሞላሰስና በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ማብላላት ይቻላል።

በትክክል ከተሠራ ለወራት ይቆያል። ከፉርሽካ ጋር ተደባልቆ ሲደርቅ ለዶሮና ለዓሣ እርባታ የፕሮቲን መኖ ይሆናል። ለዶሮ ግን ሲበዛ እንቁላሉም ሥጋውም ዓሣ ዓሣ ይላል። መጠኑን ከመኖ ባለሙያ ጋር ወስኑ።

ገበያ ስታገኙ ወደ ሃይድሮላይሴት፣ ማለትም በኢንዛይም ወደተቆራረጠ ፕሮቲን፣ እለፉ። እዚህ ፕሮቲኑን ራሳችሁ በመረጣችሁት ኢንዛይም፣ በተቆጣጠራችሁት ሙቀትና ሰዓት ትቆራርጡታላችሁ። ከዚያ እስከ 90 ዲግሪ አሙቃችሁ ኢንዛይሙን ታቆማላችሁ። አቆራረጡን ካልተቆጣጠራችሁ ይመርራል፣ ለሰው ምግብ አይሆንም። የቆሮሶ ቆዳም ጥሩ ጄላቲን (ምግብ ማርጊያ) ይወጣዋል፤ የሞቃት ውኃ ዓሣ ስለሆነ ከኮድ ጄላቲን የበለጠ ይረጋል። የአሳማ ጄላቲን ለማይነካው ሕዝባችን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ኢንዛይም ማውጣቱን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ከሐይቁ እስከ ማሽኑ በረዶ ይፈልጋል። ገዢውም በኪሎ ብቻ አይገዛችሁም፤ አንድ ግራም ምን ያህል ፕሮቲን ይቆርጣል ብሎ ይጠይቃል። ያንን በየጊዜው ለክታችሁ ተመሳሳይ ቁጥር ማሳየት አለባችሁ።

ሐይቁ ዳር ፊሌቶ ለሚያወጡት ልጆች ክዳን ያለው ባልዲና በረዶ ስጧቸው። የሆድ ዕቃውን ለብቻ፣ ቆዳውን ለብቻ እንዲያስቀምጡ አሳዩአቸው። ከዚያ በኪሎ ክፈሏቸው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላስረከበ ዋጋው ከፍ ይበል።