«ዘምተህ ዜግነት ታገኛለህ» ለተባለው የፖሊ ምሩቅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በ2015 ዓ.ም. ከፖሊ (ከባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄያለሁ። እስካሁን ቋሚ ሥራ የለኝም፤ አልፎ አልፎ የአጎቴን ባጃጅ እነዳለሁ። በቴሌግራም የተዋወቅኩት ሰው ራሺያ ሄጄ በጦሩ ውስጥ አንድ ዓመት ካገለገልኩ ለእኔም፣ ለእናቴም፣ ለእህቶቼም ዜግነት ይሰጣል አለኝ። ለ«ፕሮሰስ» ብር ጠይቆኛል። እውነት ነው? እንደ ሥራ ልቁጠረው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ሳትወስን ጠየቅከኝ።

ሰውየው የነገረህ ሁሉ ውሸት አይደለም። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ፕሬዚዳንት ፑቲን አንድ ድንጋጌ ፈርመዋል። በዩክሬኑ ጦርነት ለመሰለፍ ቢያንስ የአንድ ዓመት ውል የገባ የውጭ ዜጋ በተፋጠነ መንገድ ለዜግነት ማመልከት ይችላል። የትዳር ጓደኛ፣ ልጆችና ወላጆችም ተካተዋል። እህትና ወንድም ግን የሉበትም። የእህቶችህን ነገር ሰውየው ከራሱ ነው የጨመረው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲቀርብልህ ሁለት ጥያቄ ጠይቅ። ዜግነቱ የሚመጣው መቼ ነው? ሐሳቤን ብቀይር መውጣት እችላለሁ?

አደጋው የሚጀምረው ከፈረምክበት ቀን ነው፤ ፓስፖርቱ ግን በሕይወት ለቆየ ሰው ነው። ለባሕር ዳር ልጅ ደግሞ ጦርነት ምን እንደሆነ አላስረዳም። «አንድ ዓመት» የሚለውንም ዝም ብለህ አትመን። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 የወጣው የክተት ድንጋጌ በሩሲያ ጦር ውስጥ ያሉ ወታደሮች ውላቸው ቢያልቅም አገልግሎታቸው እንዲቀጥል አድርጓል። ውሉ የሚጻፈው በሩሲያኛ ነው። ፖሊ ራሱ በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተሠራ ተቋም ነው፤ በከተማችን ራሺያ ተምረው የተመለሱ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ሰውየውን ውሉን አምጣ በለው። ካመጣ ከነሱ ለአንዱ አስነብበው። ካላመጣ መልሱን አገኘህ ማለት ነው።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 አዲስ አበባ ሩሲያ ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ብዙ ወጣት ሰነዱን ይዞ ተሰልፎ ነበር። ኤምባሲው ግን ወታደር እንደማይመለምል በይፋ አስታወቀ። ታዲያ ያንተ ሰው ብሩን የሚቀበለው በማን ስም ነው? ኔፓል ደግሞ ዜጎቿ በዚያ ጦር ውስጥ ከሞቱባት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ወደ ሩሲያና ዩክሬን ለሥራ የመሄድ ፈቃድ መስጠት አቁማለች።

«ሌላ አገርስ?» ትለኝ ይሆናል። የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሌጌዎን፣ ማለትም የውጭ ሰዎችን የሚቀጥረው የፈረንሳይ ጦር ክፍል፣ እ.ኤ.አ. ከ1831 ጀምሮ ያለ ነው፤ ሕጉም ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ውል አምስት ዓመት ነው። ከሦስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ለዜግነት ማመልከት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሕግ ደግሞ በውጊያ ለቆሰለ ሌጌዎነኛ መንገዱን ያሳጥርለታል። ምልመላው ግን ፈረንሳይ ውስጥ ብቻ ነው። ቪዛህንም መንገድህንም ራስህ ነህ የምትችለው። ስለዚህ «ሌጌዎን አስገባሃለሁ» የሚል ደላላ ባሕር ዳር ላይ ካገኘህ አጭበርባሪ ነው። አሜሪካ በጦርነት ዘመን ላገለገለ የውጭ ሰው ዜግነቱን ታፋጥናለች፤ ጦሩ ውስጥ ለመግባት ግን በጥቅሉ አስቀድሞ ግሪን ካርድ ያስፈልጋል።

በጦር ሜዳ ልዩ ውለታ ውሎ በክብር ዜግነት ስለማግኘት ከተነሳ፣ ፖላንዳዊው ካሲሚር ፑላስኪ ለአሜሪካ ነፃነት ሲዋጋ እ.ኤ.አ. በ1779 ሞተ። የአሜሪካ የክብር ዜግነት የተሰጠው በ2009 ነው። 230 ዓመት ቆይቶ።

ስለ እናትህ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ደላላ ይህን አይነግርህም። በኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 መሠረት፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። እሳቸውም ቢወስዱ ያው ነው። ቤታቸው፣ ዕድራቸው፣ ዘመድ አዝማዳቸው እዚህ ሆኖ፣ በዚህ ዕድሜያቸው በአገራቸው የውጭ ዜጋ ይሆናሉ። ይህን ተነጋግራችሁበታል? ካልነገርካቸው ዛሬውኑ ንገራቸው።

አሁን ወደ ሙያህ። ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ ማጣት ያደክማል፤ ይገባኛል። ግን ሜካኒካል ተምረህ እጅህ ባዶ አይደለም። ውጭ መውጣት ካማረህ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማሪታይም አካዳሚ የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምሩቃንን ለመርከብ መሐንዲስነት ያሠለጥናል። በዓለም አቀፍ መርከብ ላይ የሚያሠራ ሙያ ነው፣ ዜግነትህንም አያስለቅቅህም። ማስታወቂያውን ተከታተል፤ እንግሊዝኛህንም ከአሁኑ አጠናክር። ውጤትህ ደህና ከሆነ የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስና የጀርመኑ ዳአድ (DAAD) የማስተርስ ስኮላርሺፕ አላቸው። ለእነዚህ ደላላ አያስፈልግም። ለሌላ የውጭ አገር ሥራም ቢሆን በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ መሆኑን ሳታረጋግጥ አትንቀሳቀስ።

እስከዚያው ባጃጁን አትናቅ፣ ግን እሱ ላይ ብቻ አትቅር። እኔ ብሆን ፎገራ ውስጥ ወዳለችው ወረታ ከተማ እሄድ ነበር። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ያመርታል፤ ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን ሞልቷል። ገበሬው በበጋ በሞተር ፓምፕ ያጠጣል። ማሽኑም ፓምፑም ይበላሻል፤ በመኸር ሰዓት አንድ ቀን መቆም ለባለቤቱ ኪሳራ ነው። ከአንድ መካኒክ ጋር ተጠግተህ ጥቂት ወር ሥራ። የጠገንከውን ሁሉ ከፎቶ ጋር መዝግብ። ለማሪታይሙም ለስኮላርሺፑም ስታመለክት የምታሳየው ነገር ይኖርሃል።

ለሰውየው ብርም ፓስፖርትም አትላክ። ልከህ ከሆነ መልእክቶቹን ሳታጠፋ ስክሪንሾት አድርገህ ለፖሊስ አመልክት። ከዚያ ሲቪህንና የውጤት ወረቀትህን ላክልኝ፤ ለየትኛው ቀድመህ እንደምታመለክት አብረን እናያለን።