ሲሞቅ የሚንቀጠቀጥ ሚኒሞ

ደብረ ማርቆስ ላይ ኮፈን ስከፍት አርባ ዓመት አለፈኝ። አሁን ዓይኔ ስለደከመ ጋራዡን ለልጆች ትቼ በር ላይ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። ጆሮዬ ገና ደህና ነው። ሰሞኑን አንዱ ልጅ የአሮጌ ቮልቮ ካርቡራተር፣ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን ዕቃ፣ ሚኒሞውን (መርገጫ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር) ሊያስተካክል በካቻቢቴ ሲነካካ ሰማሁት። ትንሽ ያዞራል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ መልሶ ያዞራል። ሳቄ መጣ። ቁርጥ እኔን፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ።

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእሱና ለእኩዮቹ ነው። የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተከለከለ፣ እነዚህ ሽማግሌ መኪኖች ገና እጃችሁ ላይ ይቆያሉ።

ያኔ የመጣልኝ ቮልቮ 122 ኤስ ነበር። 1.8 ሊትር ሞተር፣ ኤስዩ የሚባሉ ሁለት ካርቡራተሮች። ባለቤቱ መምህር ናቸው። «ጠዋት ድምፁ እንኳ አይሰማም። ከአባይ በረሃ ወጥቼ ደጀን ላይ ሻይ ልጠጣ ስቆም ግን ይንቀጠቀጥና ይጠፋል» አሉኝ። እኔም ማልጄ ገባሁ፣ ሁለቱንም ካርቡራተር አስተካከልኩ፣ ሞተሩ ጸጥ አለ። ገንዘቤን ተቀበልኩ። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። እንደገና ማልጄ አስተካከልኩ። እንደገና ተመለሱ።

ስህተቴ ገብቷችኋል? ሲሞቅ የሚመጣን በሽታ ብርድ ላይ እፈልገዋለሁ። በሽታው እኮ ያን ሰዓት ቤቱ የለም። ሦስተኛው ጊዜ ላይ መምህሩ ራሳቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ለምን አብረን ደጀን ደርሰን አንመጣም?» አሉኝ። አፈርኩ፤ ሄድን። እሳቸው ባይጠይቁኝ አራተኛም እሞክር ነበር።

በረሃውን ወርደን ከድልድዩ ወደ ደጀን ስንወጣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ነው የወጣነው፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየተጨነቀ። ደጀን ቆመን ኮፈኑን ስከፍት ፊቴን የለበለበኝን ሙቀት እስካሁን አልረሳውም። በዚያ ሞተር ላይ ካርቡራተሩና የጭስ ማስወጫው በአንድ ጎን ናቸው፤ ያውም ካርቡራተሩ ከላይ። መኪናው እየሄደ ሳለ ነፋሱ ያበርደዋል። ሲቆም ሙቀቱ ሁሉ ሽቅብ ነው። በመሃል የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ መኖር ነበረበት። የለም! ከእኔ በፊት የነካው ሰው አውልቆ ጥሎታል። ለመፍታት ስለሚያስቸግር ሳይሆን አይቀርም።

ቤንዚን 40 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ከውስጡ ቀላል ቀላሉ መፍላት ይጀምራል። እኛ ደጋ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ቀድሞ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሽምብራ ለምን እንደሚያስቸግር እናቶቻችሁን ጠይቁ። የካርቡራተሩ ቋት ውስጥ ያለው ቤንዚን ሲንተከተክ ፈልቶ ወደ ሞተሩ ይፈሳል። አየሩ ስስ ስለሆነ ድብልቁ ከፍታ ላይ ለራሱ ወፍራም፣ ማለት ቤንዚን የበዛበት ነው። በዚህ ላይ ይህ ሲጨመርበት ሞተሩ ይታፈናል።

ቆርቆሮውን ከበርሜል ቆርጬ ሠራሁ። በጣም ተሻለ፣ ግን አልዳነም። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አንድ ጥፋት ሲያገኝ ፍለጋውን ያቆማል።

ቀጥዬ ወደ ቫልቩና ቤንዚኑን ወደሚያቀጣጥለው እሳት ሄድኩ። መጀመሪያ መሄድ የነበረብኝ እዚያ ነው። የቫልቩን ክፍተት ለካሁ፣ እሳቱን የሚያቋርጠውንና የሚያገናኘውን ፑንቲና አጸዳሁ፣ እሳቱን የሚተፉትን ካንዴላዎች አየሁ። ከፑንቲናው ጋር የሚሠራውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ኮንደንሰሩን፣ ዝም ብላችሁ ቀይሩት። ብርድ ላይ ደህና መስሎ ሲሞቅ የሚከዳ ዕቃ ነው፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ስንቱ ካርቡራተር በኮንደንሰር ጥፋት እንደተፈታ ብነግራችሁ አታምኑኝም። የመምህሩ ግን ጤነኛ ነበር።

በመጨረሻ የቢራቢሮዋን፣ መርገጫው ሲረገጥ ካርቡራተሩ ውስጥ የምትከፈተውን ክዳን፣ ዘንግ በሁለት ጣቴ ይዤ ወዘወዝኩት። ተንቀጫቀጨ። ለካ ቀዳዳው ከዕድሜ ብዛት ሰፍቷል፣ በዚያ አየር ይሰርቃል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በብሩሽ ትንሽ ዘይት ዘንጉ ዙሪያ ቀባሁ። ድምፁ ወዲያው ተለወጠ። (ቤንዚን እንዳትረጩ! አንድ ረዳቴ ቅንድቡን ያጣው እንደዚያ ሲሞክር ነው።) ጠዋት ላይ ለምን አይታወቅም ካላችሁ፣ ብርድ ላይ ለማስነሳት የሚሳበው ቾክ ሲሳብ ቤንዚኑ ስለሚበዛ የተሰረቀውን አየር ይሸፍነዋል። ሞቆ ቾኩ ሲመለስ ነው ጉዱ የሚወጣው። እኔ ደግሞ ማልጄ እየገባሁ በዚያው ቾክ ነበር የማስተካክለው። ቀዳዳውን ቶርኖ ቤት አስፍተው ቀጭን የነሐስ ቡሽ አስገቡልኝ።

ካቻቢቴ የሚነሳው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። ሞተሩን በደንብ አሙቁት። ሁለቱ ካርቡራተሮች በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ እየጎተተ ሌላው ከተጎተተ ማሳው አይታረስም። የሚያገናኛቸውን ዘንግ ላላ አድርጉት። ቀጭን ላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ፣ ሌላውን የካርቡራተሩ አፍ ላይ አድርጉ። ፉጨቱን ስሙ። ከዚያ ወደ ሌላው ሂዱ። ፉጨቱ እኩል እስኪሆን የሚኒሞውን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ አዙሩ። እኩል ሲሆን ማገናኛውን መልሳችሁ እሰሩ።

ቀጥሎ ድብልቁ። በኤስዩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የምትሄደውን ፒስተን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ ልክ፣ ቀስ ብላችሁ አንሷት። የሞተሩ ዙር ጨምሮ እዚያው ከቀረ ቤንዚኑ በዝቷል። ወርዶ ሊጠፋ ካለ አንሷል። ለቅጽበት ጨመር ብሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ልክ ነው። ከታች ያለው የድብልቅ ዳዶ ስድስት ጎን አለው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ አዙሩ። ሁለቱንም እኩል። ከፒስተኗ በላይ የሚሞላው ዘይት ደግሞ መርገጫ ስትረግጡ ለሚሆነው እንጂ ለሚኒሞ ምንም አይፈይድም። ሚኒሞ ሲበላሽ ዘይት የሚቀይር ሰው አላጣሁም።

ዳዶውን ከመንካታችሁ በፊት የት እንደነበረ ቁጠሩና ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፉት። እኔ ያን ጊዜ አልጻፍኩም። ሦስት ጊዜ ያዛባሁትን ለመመለስ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ።

መምህሩ መኪናውን ወስደው በሳምንቱ ብቅ አሉ። ልቤ ድንግጥ አለ። «ደጀን ላይ ሻይ ጠጣሁ» አሉኝ። «ጠፋ?» አልኳቸው። «እኔ እንጃ፣ ቁልፉን እላዩ ላይ ትቼ ነው የገባሁት። ሻዬን ጨርሼ ስወጣ ሞተሩ ያው ይሠራል። ልጆች ከበውት ነበር።»