የቶርኖ ጥያቄዎቻችሁ፦ ኩቡ ውስጥ ያለው ኩብ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ብረት በማሽን እያዞሩ የሚቆርጡበት ቶርኖ ቤት ተቀጥሬ እየሠራሁ ነው። ጓደኛዬ ስልኩ ላይ ከአሉሚኒየም የተሠራ ኩብ አሳየኝ። በስድስቱም ፊቱ ክብ ቀዳዳ አለው፤ ውስጡ ሌላ ኩብ ይንኳኳል፣ ግን አይወጣም። ብየዳ የለውም ይላሉ። በእኛ ተራ ቶርኖ ይሠራል ወይስ ኮምፒዩተር ያለው ማሽን ይፈልጋል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ይሠራል ልጄ፤ የምትማርበትም በተራው ቶርኖ ብትሠራው ነው። ውስጠኛው ኩብ ከየትም አልገባም። ድፍኑ ውስጥ ነበረ፤ ዙሪያው ተነስቶለት ነው የተላቀቀው።

ልኩን ልስጥህ። ባለ 60 ሚሊ ሜትር ብሎክ ውሰድ፣ ውስጠኛው ኩብ 30 ይሁን። የ30 ኩብ አንዱ ፊቱ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 42.4 ሚሊ ይመጣል። ሥራው በሙሉ የሚዞረው በዚህች ቁጥር ላይ ነው። የቀዳዳው አፍ ከ42.4 ካነሰ ኩቡ መውጫ አያገኝም፤ ከታች ያለው ክፍል ከ42.4 ካልበለጠ ደግሞ ማዕዘኖቹ አይለቁም። ስለዚህ አፉን 40፣ ታቹን 45 አድርገው። ጥልቀቱ 15 ነው፤ ከእሱ ውስጥ የመጨረሻዋ 4 ሚሊ ብቻ ናት ወደ 45 የምትሰፋው።

ብሎኩ መጀመሪያ እውነተኛ ኩብ ይሁን። ስድስቱንም ፊት ቀጥ ያለ ማዕዘን በሚያሳየው እስኳድራ ፈትሽ፣ በካሊፐር መለኪያ ለካ። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ውስጠኛው ኩብ ጠማማ ሆኖ ያገኘዋል፣ ያኔ ማስተካከያ የለውም። ብሎኩን ለመያዝ ባለ አራት መንጋጋ ቻክ ተጠቀም፤ መንጋጎቹ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ መሃሉን በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነት በሚያሳየው ባለ መርፌ መለኪያ) ታመጣዋለህ። በስድስቱም ፊት ይህንኑ ትደግማለህ። አሰልቺ ነው፣ ግን ባለሙያ የሚያደርግህ እሱ ነው።

በመብሻው በፑንታ ስትበሳ ተጠንቀቅ። የ20 ሚሊ ፑንታ ሾጣጣ ጫፉ ብቻ 6 ሚሊ ያህል ይሆናል። ጫፉን ረስተህ 15 ድረስ ከገባህ የውስጠኛው ኩብ ፊት መሃሉ ላይ ተቦርቡሮ ይቀራል። 8 ገደማ ላይ አቁምና የቀረውን በውስጥ መቁረጫ ጨርስ። የመቁረጫው ጫፍ ልክ በቶርኖው መዞሪያ ማዕከል ከፍታ መቆም አለበት፤ ዝቅ ካለ መሃል ላይ ጡት የመሰለች ትንሽ ጉብታ ትቀርብሃለች፣ ከፍ ካለ ደግሞ ይደፈጥጣታል እንጂ አይቆርጣትም።

ቅደም ተከተሉን አደራ። መጀመሪያ ስድስቱንም አፍ በ40 ጨርስ። በዚህ ጊዜ ውስጠኛው ኩብ በስምንቱ ማዕዘኖቹ ተይዞ አይነቃነቅም። ጎን ለጎን ያሉት ቀዳዳዎች ውስጥ ለውስጥ ስለሚገናኙ መቁረጫው ባዶ እየነካ ያንኳኳል፣ አትደንግጥ። ፍጥነቱን በደቂቃ ከ400 እስከ 500 ዙር ያዝ፣ በትንሽ በትንሹ ቁረጥ። ቻኩንም ከልክ በላይ አታጥብቅ፤ የቀረው ግድግዳ ስስ ነው፣ መንጋጋውም ፊቱን እንዳያቆስለው ስስ የናስ ቆርቆሮ ጣልበት።

ከዚያ ጫፉ ወደ ጎን በታጠፈ መቁረጫ ታቹን ወደ 45 አስፋ። ይህን መቁረጫ ራስህ ሞርደህ ታወጣዋለህ። ጀርባውን ክብ አድርገው፣ አለዚያ ስለቱ ሳይደርስ ጀርባው ግድግዳውን ይፈትጋል። አምስቱ ፊቶች እስኪያልቁ ችግር የለም። ስድስተኛው ላይ ግን ኩቡን የሚይዙት አራት ማዕዘኖች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ሲቆረጡ ማሽኑ እየዞረ ኩቡ ይለቃል፣ መቁረጫውን ይሰብራል፣ ፊቱንም ይቧጥጠዋል። ስለዚህ ስድስተኛውን ከመጀመርህ በፊት አምስቱን ቀዳዳ በቀለጠ ሻማ ሙላና ሲደርቅ አፋቸውን በእንጨት ውታፍ ድፈን። ሻማ ስለሆነ ሙቀት አይወድም፤ እያረፍክ ቁረጥ። ስትጨርስ ሙቅ ውሃ ውስጥ ክተተው፣ ሻማው ወጥቶ ኩቡ ይንኳኳልሃል። ማዕዘኖቹ ላይ የቀረውን ሹል በቀጭን ሞረድ በቀዳዳው በኩል አንሳ።

ሦስት ኩብ ካማረህ ሒሳቡ ያው ነው፤ በየፊቱ እንደ ደረጃ ሁለት ቀዳዳ ትሠራለህ፣ ስታላቅቅ ግን ከጥልቁ ጀምር።

ጥያቄ፦ ለንግድ ጓንግዙ እመላለሳለሁ። አንዱ ውስጥ ሌላው የሚዞር፣ ድርብርብ የዝሆን ጥርስ ኳስ አየሁ። ተጣብቆ ነው እንጂ እንዴት ይሆናል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ እውነተኛው አልተጣበቀም። ጓንግዙ በዚህ ሥራ ስሟ የቆየ ነው፤ በ1388 የተጻፈ የቻይና ጽሑፍም እንዲህ ያለውን ባዶ ኳስ የመንፈስ እጅ ሥራ ብሎ ያነሳዋል። ድፍኑ ኳስ መጀመሪያ በቶርኖ ይከረከማል፤ ከዚያ ዙሪያውን ወደ መሃል የሚጠብቡ ቀዳዳዎች ይበሳሉ፣ ብዙውን ጊዜ 14። በየቀዳዳው የታጠፈ መቁረጫ እየገባ በተወሰነ ጥልቀት ዙሪያውን ይቆርጣል፤ ከሁሉም ቀዳዳ የመጡት ቁርጦች ሲገናኙ አንዱ ንብርብር ይላቀቃል። ከውስጠኛው የሚጀመረውም ውጪው ቀድሞ ከተላቀቀ ስለሚዞርና ቀዳዳዎቹ ስለማይገጥሙ ነው። ጌጡ የሚቀረጸው ከዚያ በኋላ ነው። አውሮፓም ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ በ16ኛው መቶ ዘመን በጀርመን የሳክሶኒው መስፍን አውጉስት ድሬስደን ላይ ራሱ ቶርኖ ላይ ቆሞ የዝሆን ጥርስ ይሠራ ነበር።

እጅዎ ሲገባ መሃሉን ዙሪያውን ይዩት፤ የተገጣጠመ መስመር ካለ በሻጋታ የወጣ ነው። በቀጭን እንጨት በቀዳዳው በኩል እያንዳንዱን ንብርብር ያዙሩት፣ ለየብቻው መዞር አለበት። የዝሆን ጥርስ ነው ካሉዎት ግን አይግዙ። ቻይና ራሷ የአገር ውስጥ ንግዱን በ2017 መጨረሻ ዘግታለች፣ ድንበር ማሻገሩም ወንጀል ነው። ከአጥንት ወይም ከእንጨት የተሠራውን ይጠይቁ፤ የእጅ ሙያው ያው ነው።