100ኛው ገጽ ላይ ለቆመችው እህቴ

እታለም፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ በስልክ ጭላንጭል አነበብኩት። «ፍቅር እስከ መቃብርን ሰው ሁሉ ሲያወድሰው ሰምቼ ጀመርኩ፤ 100ኛው ገጽ ላይ ደከመኝና አስቀመጥኩት። ጥፋቱ የኔ ነው የመጽሐፉ? ለክረምቱስ ምን ላንብብ?» ነው ያልሽው። ቀድመውኝ ከመለሱልሽ ሰዎች ግማሾቹ የየራሳቸውን መጽሐፍ አዘዙልሽ፤ የቀሩት «እሱን ያልወደደ አማርኛ አያውቅም» ብለው ተቆጡሽ። አገራችን ጎንደር አንዱን ቃል «አንድም፣ አንድም» እያለ ሲተረጉም የኖረ የመምህራን አገር ነው፤ ልብ ወለድ ላይ ሲደርስ አንድ ፍቺ ብቻ ይኑር ያለው ማን እንደሆነ እንጃ።

እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። ከ1993 እስከ 2009 ዓ.ም. የጎንደሩ ፒያሳ አካባቢ መጽሐፍ አከራይ ነበርኩ። ሱቅ አልለውም፤ እኔ ውስጥ ከተቀመጥኩ ደንበኛው ውጭ የሚቆምበት የቆርቆሮ ኪዮስክ ነው። ስጀምር በቀን 50 ሳንቲም፣ ስዘጋ 3 ብር። መያዣው መታወቂያ ወይም የመጽሐፉ ዋጋ።

መጽሐፍ ሲመለስ «እንዴት ነበር?» ማለት ልማዴ ነው። መልሱ ሁልጊዜ «አሪፍ ነው» ነበር። የኛ አገር ሰው መንገድ ላይ ቆሞ «አልገባኝም» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ የሰውየውን አፍ ትቼ መጽሐፉን መመርመር ጀመርኩ። ገጹ የት ላይ ታጥፏል? የሻማው ጠብታ፣ የሽሮው ፍንጣቂ እስከ ስንተኛው ገጽ ይዘልቃል? ተገልጦ የማያውቅ ገጽ ያስታውቃል፤ ጠርዙ ነጭ ነው፣ ሲነኩት እንደ አዲስ ብር ይንኮሻኮሻል። አንድ ደብተር ገዛሁና መጻፍ ያዝኩ፦ የመጽሐፉ ርዕስ፣ አንባቢው የቆመበት ገጽ፣ የሚሠራው ሥራ፣ ካወራኝም የተናገረው። ስም አልጽፍም ነበር። ደብተሩ እየበዛ አምስት ደረሰ። ባለቤቴ «የሰው ነገር ሰላይ» ትለኝ ነበር፤ አልተሳሳተችም።

ወዳንቺ ልመለስ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ሰው የፍቅር ታሪክ ነው ተብሎ ይገባና መጀመሪያ የሚያገኘው ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ነው። ባሎቿ እየሞቱባት የተፈራች ሴት፣ ታማሚ ልጅ፣ ስለት፣ የቆሎ ትምህርት ቤት። ልጁ በዛብህ አድጎ የሚያፈቅራትን ሰብለ ወንጌልን እስኪያይ ድረስ ብዙ መንገድ አለ። አንድ ባጃጅ ነጂ መጽሐፉን በሦስተኛው ቀን ሲመልስልኝ «ጋሼ፣ ፍቅሩ የሚመጣው መቃብሩ ጋ ስንደርስ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። በደብተሬ መሠረት ከተማ ያደገው አንባቢ በብዛት የሚቆመው አንቺ የቆምሽበት ሰፈር ነው። ብቻሽን አይደለሽም።

ግን ስሚኝ፣ በዚያው መጽሐፍ ላይ ሌላ ማስታወሻ አለኝ። አንድ የአብነት ተማሪ ነበር፤ ከወገራ የመጣ፣ ቅኔ የሚቆጥር። መያዣ ስላልነበረው ኪዮስኩ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚያነበው። ያንን አንቺን ያደከመሽን የመጀመሪያ ክፍል ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አነበበው። በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ልጃቸውን ሊያስተምር ሲገባ ግን መጽሐፉን ዘግቶ ሰጠኝ። «ገና እኮ አሁን ሊጣፍጥ ነው» አልኩት። «እኔንም እናቴ በስለት ነው የሰጠችኝ፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን ፈራሁት» አለኝና ተነስቶ ሄደ። ሌላው ሁሉ የሚጀምርበት ቦታ ላይ እሱ ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ይሄ መጽሐፍ አሰልቺ ነው» የሚል ሰው ሲመጣብኝ አልከራከረውም፤ «የት ላይ ቆምክ?» ብቻ እለዋለሁ።

ስለዚህ ጥፋት የሚባል ነገር የለም። ከ100ኛው ገጽ ተነሺና ፊታውራሪ መሸሻና ጉዱ ካሳ ያሉበት ድረስ ዝለይ። ማንም አይቀጣሽም። የኒያ ኩሩ ሽማግሌ ነገር፣ ገበሬዎቻቸው ሲያምጹባቸው የሚሆኑት መሆን እያሳቀ ይወስድሻል፤ ጉዱ ካሳ የዘመዶቹን ሥርዓት ፊት ለፊት ሲነቅፍ ደግሞ ሳቁ ይቆምብሻል። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰሽ የዘለልሽውን ብታነቢው ሌላ መጽሐፍ ይሆንብሻል። ካልሆነም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ፈልገሽ አዳምጪ። እናቴ ነፍሷን ይማረውና ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ከመጽሐፉ ሰዎች ጋር በወጋየሁ ድምፅ ትተዋወቅ ነበር፤ ግትር ጎረቤት ሲያጋጥማት «ፊታውራሪ» ነበር የምትለው።

ሌላው ብዙ ገጽ የጻፍኩበት ነገር አፄ ቴዎድሮስ ነው። ለጎንደር ሰው ቴዎድሮስ የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ አይደለም፤ የሥጋ ዘመድ ነው። ዘመድ ደግሞ ይወደዳልም፣ ይታማልም። ከኔ ዘንድ የአቤ ጉበኛ አንድ ለእናቱ፣ የብርሃኑ ዘሪሁን የቴዎድሮስ ዕንባ እና የጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴዎድሮስ ተውኔት ነበሩ። አቤ ጉበኛን የሚወስዱት በብዛት ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ከዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ የሚመጡ ተማሪዎች። የሚመልሱትም ደረታቸውን ነፍተው ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን የከተማችን ልጅ ነው፤ አዲስ ዘመን ጋዜጣን በዋና አዘጋጅነት የመራ፣ ዐረፍተ ነገሩ አጭር፣ እንደ ጋዜጠኛ ቶሎ ነገሩን የሚነግርሽ። የሱን መጽሐፍ ታጥፎ ያገኘሁት ሁለቴ ብቻ ነው። ከልምዴ የምነግርሽ፣ ከንባብ የራቀን ሰው ለመመለስ ከብርሃኑ የተሻለ አላገኘሁም።

ተውኔቱን ማንም ለብቻው አይጨርሰውም ነበር። አንድ ጊዜ ግን አራት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተካፍለው ተከራዩትና ጎን ለጎን ቆመው እየተቀባበሉ ጮክ ብለው አነበቡት፤ ያን ቀን መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ስለነበር ገበያዬ ደራ። ተውኔት እንዲህ ነው የሚነበበው።

አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ነጭ ጋቢ ለብሰው ከቁስቋም በኩል የሚወርዱ። አንድ ለእናቱን ከመውሰዳቸው በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ጎንደር የተቃጠለችበት አለበት?» ንጉሡ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን አስዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቱን ማቃጠላቸውን እኛ ዘንድ የማያውቅ የካህን ልጅ የለም። «አንብበው ይዩት አባቴ» አልኳቸው። በሳምንቱ ሲመልሱት አንድ ተማሪ ቆሞ ነበር። ልጁ ስለ ንጉሡ ብዙ ተናገረ፤ አገር አንድ ማድረጋቸውን፣ መቅደላ ላይ እጅ አለመስጠታቸውን። ሽማግሌው ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቁትና «ልጄ፣ አገር የምትለው እኛን ሳትጨምር ነው?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። ወደኔ ዞሩና ስለ ደራሲው ደግሞ «አፍቅሮታል፤ ያፈቀረ ሰው ምስክር አይሆንም» አሉ። ይሄን በደብተሬ ላይ በቀይ እስክርቢቶ ነው የጻፍኩት። በነጋታው ግን ያው ሽማግሌ የብርሃኑን ሊወስዱ መጡ። ዘመድ አልኩሽ እኮ።

በቶሎ ልለፍ። የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ በ16 ዓመት ውስጥ አራት ሰው ጨርሶታል፤ አንዱ እኔ ነኝ፣ ያውም በሦስተኛ ሙከራ። የሚቆሙት 30ኛው ገጽ ሳይደርሱ ነው። አንድ የአማርኛ መምህር «እንደ ሰንበቴ ነው፤ ሁሉም ይናገራል ማንም አይሰማም» አለኝ። ልክ ነው፣ ግን ይሄው ነው ውበቱ፤ እያንዳንዱ ሰው በገዛ አፉ ነው የሚናገረው። ዝም ብለሽ በዓይንሽ ከምታነቢው ድምፅ አውጥተሽ ሞክሪው። ለዚህ ክረምት ግን አይሁን።

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ልብ ወለድ ታሪክ፣ ማለትም ጦቢያን፣ ሰው የሚወስደው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ስለሆነ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመ። ቀጭን ስለሆነ ይጨርሱታል፤ ሲመልሱት ግን የሚያወሩት ስለ ጦቢያ ሳይሆን ስለ ዓመተ ምሕረቱ ነው።

ሌቱም አይነጋልኝ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ጋሽ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የአዲስ አበባውን የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ውቤ በረሃን የጻፈበት መጽሐፍ ሳይታተም ለብዙ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ነው፤ ኪዮስኬ ሲደርስም ልማዱን አልተወም፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይወጣል በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይመለሳል። አንድም የታጠፈ ገጽ አላገኘሁበትም። ደግሞም ደብተሬ ላይ «አሪፍ ነው» ያለኝ ሰው የሌለበት ብቸኛው መጽሐፍ እሱ ነው፤ አስቀምጠው ይሄዳሉ፣ አይናቸውን አያነሱም። ደፍራ የተናገረች አንዲት ጠጅ ቤት የምትሠራ ሴት ናት፦ «ሴቶቹ የሚያወሩት ልክ ነው። ወንዶቹ ግን ይህን ያህል አይናገሩም፤ ከፍለው ዝም ነው የሚሉት።» ስንት ሃያሲ ይሄን ይላል?

የይስማዕከ ወርቁን ዴርቶጋዳ በተመለከተ አንድ ኃጢአት አለብኝ። የጣና ገዳማት፣ ሩጫው፣ ምስጢሩ፤ እኔ «የልጆች ጨዋታ» ብዬ ንቄው ነበር። ሦስት ቅጂ ነበረኝ፤ ሦስቱም መያዣቸው እኔ ጋ ቀርቶ ጠፉ። በሕይወቱ መጽሐፍ ይዞ የማያውቅ የጎሚስታ ሠራተኛ በአንድ ሌሊት ጨርሶት ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ከወር በኋላ ያው ልጅ «ሌላስ?» አለኝ፤ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። የንቀቴን ዋጋ በሦስት መጽሐፍ ከፍያለሁ፤ ይበለኝ።

ነገም ሌላ ቀን ነው በሚል ነቢይ መኮንን የተረጎመውን ወፍራም መጽሐፍ የሌሊት ተረኛ ነርሶች ናቸው የሚወዱት። አንዷ ስትመልሰው፣ ነቢይ በደርግ ጊዜ ታስሮ ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ እንደተረጎመው ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ ተቆጣችኝ። «ቀድመህ ብትነግረኝ ቀስ ብዬ አነበው ነበር» አለችና ሌላ ሦስት ቀን አስጨምራ ይዛው ተመለሰች። የስነ ልቦናና የስኬት መጻሕፍትን አልነግርሽም፤ እነሱ ላይ ማስታወሻዬ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ እስከ 40ኛው ገጽ በእስክርቢቶ ተሰምሮባቸው ይመለሳሉ፣ ከ40 ወዲያ ንጹሕ ናቸው።

የመጨረሻው ኦሮማይ ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. አሳተመው፣ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወጥቶ አልተመለሰም። ይሄን ሁሉም ያወራል፤ ብዙው ሰው መጽሐፉን የሚወስደውም ለዚህ ነው። ደብተሬ ውስጥ ግን አንድ የአዘዞ ሰው አለ፤ ጡረተኛ ወታደር፣ በግራ እግሩ የሚያነክስ። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ይመጣና ኦሮማይን ይወስዳል። በየዓመቱ ያው ቦታ ላይ ይታጠፋል፤ ነገሩ ከአስመራ ወጥቶ ወደ ናቅፋ ተራራ ጦርነት ሲዞር። አምስተኛው ዓመት ላይ አላስቻለኝም፤ «ጋሼ፣ ለምን አይጨርሱትም?» አልኩ። «የአስመራውን ነው የምፈልገው» አለኝ። «ካፌውን፣ መንገዱን፣ የፊያሜታን ነገር። ተራራውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ሊያሳየኝ አይችልም።» ገንዘብ አልተቀበልኩትም። እሱ ግን ሳንቲሞቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ሄደ፤ ወታደር አይደል።

ኪዮስኩን የዘጋሁት ሰው ማንበብ ስላቆመ አይደለም። በቴሌግራም ፒዲኤፍ መጣ፤ ፒዲኤፍ ደግሞ አይታጠፍም፣ ሽሮ አይነካውም፤ እኔ ከዚያ ምን ላነብ?

ለክረምቱ ላልሽው፦ መጀመሪያ የቴዎድሮስ ዕንባን ያዢ፤ ሁለት ዝናባማ ከሰዓት አይፈጅም። ከዚያ ኦሮማይ። ከዚያ ወደ ተውሽው ተመለሺ፣ ጉዱ ካሳ ካለበት ጀምረሽ።

አንድ ነገር ግን አልነገርሽንም። የገጹ ቁጥር በየእትሙ ይለያያል፤ 100 ስትይ በየትኛው እትም ነው? አስቀምጠሽው ስትነሺ ማን ምን እየሆነ ነበር? ጻፊልኝ፤ ስድስተኛ ደብተር ገና አልጀመርኩም።