ቮልስህን ለትርዒት ከማቅረብህ በፊት ምድብህን እወቅ

ወንድሜ፣ «የ1966 ቮልሴን ከ6 ቮልት ወደ 12 ብቀይረው፣ ከፊትም ዲስክ ፍሬን ባስገባለት ክላሲክ መኪና ትርዒት ላይ ነጥብ ይቀንሱብኛል ወይ?» ላልከው፣ መልሱ በምትመዘገብበት ምድብ ይወሰናል። የኔም 66 ነው፤ የምኖረውም እንዳንተ እዚሁ ሜሪላንድ ነው።

1. ኦሪጅናል ምድብ ከገባህ ማሻሻል የሚባል ነገር የለም። ዳኛው የሚጠይቀው ፋብሪካው ምን ሰርቶ አወጣ የሚለውን ብቻ ነው። በ1935 የተመሰረተው ኤኤሲኤ የሚባለው የአንቲክ መኪኖች ክለብ የሚዳኘው ከ400 ነጥብ ነው። መለኪያው መኪናው አዲስ ሳለ ሻጩ አዘጋጅቶ ለገዢ ሊያስረክበው ይችል የነበረበት ሁኔታ ነው። አሜሪካ የገባው 66 ቮልስ ደግሞ 6 ቮልት ነው፣ አራቱም እግሩ ታምቡር ፍሬን ነው። 12 ቮልት የመጣው በ67 ሞዴል ነው። ስለዚህ ሁለቱም ያስቀንሱሃል። ሞተሩንም ያዩታል። የ66ቱ 1300 ሲሲ ነው፤ ቁጥሩ በ«ኤፍ» (F) ፊደል ይጀምራል፤ ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ስር ታትሟል። ብዙ ሰው በኋላ የመጣውን 1600 ገጥሞ ማን ያውቅብኛል ይላል። ዳኛው ጎንበስ ብሎ ያነበዋል።

2. ሞዲፋይድ፣ ማለትም ከፋብሪካ ከወጡ በኋላ የተለወጡ መኪኖች የሚገቡበት ምድብ፣ ሌላ ነው። እዚያ የሚታየው የሥራህ ጥራት ነው። ሽቦው በሥርዓት ታስሯል ወይስ ተንጠልጥሏል? የፍሬን ቱቦው መሪ ሲዞር ጎማውን ይነካል? ኮፈኑ አብረቅርቆ ሆዱ ከዛገ አለቀልህ።

3. ወረቀት ያዝ። እኔ ጣራው ላይ ፖርቶ መጋላ አለኝ፤ በዘመኑ የቮልስዋገን ሻጮች ራሳቸው ይሸጡት የነበረ ዕቃ ነው። አንድ ትርዒት ላይ መዝጋቢው ከወንበሩ ሳይነሳ በጣቱ ጠቁሞ «ሞዲፋይድ ነው» ብሎ ካርዴን ቀየረው። የዘመኑ ካታሎግ በእጄ ነው ስለው «ቀጣይ!» አለኝ። መሬት ሊነኩ ጥቂት የቀራቸው መኪኖች መሀል ተገትሬ ዋልኩ። ዳኛው ደርሶ «ምኑን ነው የቀየርከው?» አለኝ። ምንም አልቀየርኩም! አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። የመመዝገቢያው ገንዘብ አይደለም የቆጨኝ፤ የዚያን መኪና እያንዳንዱን ቡሎን በእጄ ነው ያጸዳሁት።

ከዚያ ጀርመን፣ ዎልፍስበርግ ካለው የቮልስዋገን ሙዚየም የመኪናዬን የልደት ሰርተፍኬት አስላክሁ። የተሰራበትን ቀን፣ ቀለሙን፣ የተላከበትን አገር ይነግርሃል። ከካታሎጉ ጋር አድርጌ በሚቀጥለው ትርዒት መዝጋቢውን አልፌ ዋና ዳኛው ጋ ሄድኩ። ሰውዬው አገላብጦ አየና ኦሪጅናል ምድብ አስገባኝ። አንደኛ ወጣሁ። ለፖርቶ መጋላው አንድ ነጥብ አልቀነሱብኝም። ዋንጫው ሳሎኔ ውስጥ ነው።

12 ቮልቱን ለመንዳት ከፈለግከው አልቃወምህም፤ የ6 ቮልት መብራት ይዞ ማታ ሀይዌይ መውጣት ያስፈራል። ፍላይዊሉን (ስታርተሩ ይዞ የሚያዞረውን፣ ከሞተሩ ጋር የታሰረውን ጥርሳም ክብ ብረት) ግን አደራህን እንዳትነካው። የድሮው 109 ጥርስ ነው፣ የ12 ቮልቱ 130። ትልቁ እንዲገባ የካምቢዮውን ቤት ይሞርዱታል፤ የተሞረደ ደግሞ አይመለስም። ስታርተሩንና ፍላይዊሉን እንዳሉ ትተህ ባትሪውን፣ ዲናሞውንና አምፖሎቹን ቀይር። የወጣውን ሁሉ ካርቶን ውስጥ አስቀምጥ፣ እንዳትሸጠው።

ዲስኩን ከመግዛትህ በፊት የሞተሩን ቁጥር አይተህ እዚህ ጻፍልን። «ኤፍ» ከሆነ እኔ ብሆን ኦሪጅናል ምድብ ነው የማስገባው።